እንግዳ ሳይወጣ ሆቴል ማደስ፦ ሐዋሳ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስሌቶቹ የተሠሩት ባለ አራት ፎቅ፣ በየፎቁ 10 መኝታ ክፍል ላለው ሆቴል ነው፤ የእርስዎ ቢያንስም ቢበልጥም አካሄዱ ያው ነው።

ዘግቶ በአንድ ጊዜ መጨረስ አይሻልም?

ለሥራው ይሻላል፤ ለገቢው ግን አይሻልም። የተዘጋ ሆቴል ቶሎ ይታደሳል፣ ወጪውም ይቀንሳል። ችግሩ አዳራሽ በየወሩ የሚይዙ ድርጅቶች እስኪከፈት አይጠብቁም፤ አንዴ ሌላ ቦታ ከለመዱ አይመለሱም። ጥሩ ምግብ አብሳይና ጥሩ አስተናጋጅም እንደዚያው። ሐዋሳ ላይ የሆቴል ሠራተኛ ቀጣሪ ለመቀየር አስፋልት መሻገር ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

መዝጋት ግድ የሚሆንባቸው ሁኔታዎች ግን አሉ፦ ሕንፃው አንድ ደረጃ ብቻ ኖሮት እሱ ራሱ የሚፈርስ ከሆነ፣ ዓምድ ወይም ቢም (ፎቁን የሚሸከም አግዳሚ) የሚነካ ከሆነ፣ ዋናው የፍሳሽ መስመር ወይም ሴፕቲክ ታንኩ የሚቀየር ከሆነ። የመጨረሻው በተለይ ሐይቁ ዳር ያሉ ሆቴሎችን ይመለከታል። የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ስለሆነ ጉድጓዱ ገና ሲቆፈር ይሞላል፤ በሁለት ቀን ያልቃል የተባለው ቁፋሮ ፓምፕ ተተክሎለት ሳምንት ይፈጃል። ለዚህ ብቻ ጥቂት ቀን ይዝጉ፣ ሌላውን ሁሉ ከፍተው ይሥሩ።

የግንባታ ፈቃድ ያስፈልገኛል?

ለቀለም፣ ለመጋረጃና ለቤት ዕቃ አያስፈልግም። ግድግዳ ማፍረስ፣ ባኞ ቤት ማዛወር፣ መስኮት ማስፋት ወይም የክፍሉን አገልግሎት መቀየር ከታሰበ ግን በሕንፃ አዋጁ መሠረት ፕላን ቀርቦ ፈቃድ መውጣት አለበት። ሆቴል የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በመሆኑ ዲዛይነሩም ተቋራጩም ተመጣጣኝ የሙያ ፈቃድ ያላቸው መሆን ይኖርባቸዋል። «ጥቃቅን እድሳት ነው» ተብሎ ተጀምሮ ግማሽ ላይ የታገደ ሥራ፣ እንግዳ በሞላበት ሆቴል ውስጥ የተከፈተ ግድግዳ ይዞ መቀመጥ ነው።

በየትኛው ወር ልጀምር?

የሐዋሳ ችግር ደረቁ ወቅትና ሥራ የሚበዛበት ወቅት መገጣጠማቸው ነው። ጣሪያ፣ በረንዳና የውጭ ቀለም የሚፈልጉት ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ጊዜ ነው፤ እዚያው መሀል ታኅሣሥ 19 ገብርኤል አለ፣ ከጥምቀት በኋላ ደግሞ ሠርግ ይከተላል። ከመጋቢት ጀምሮ የበልግ ዝናብ፣ ከሰኔ ጀምሮ ክረምቱ ስለሚገባ የውጭ ሥራን ወደዚያ መግፋት አይቻልም። ስለዚህ የውጭውን በኅዳር ጀምረው ከታኅሣሥ 15 በፊት መወጣጫውን ያውርዱ። የውስጥ ሥራ ዝናብ አይፈራምና ለዝናቡ ወራት ይቆይ። ሐምሌ 19 በሚውልበት ሳምንት ግን ሥራ አይኑር፤ ለገብርኤል የሚመጣው ምዕመን ከተማውን ስለሚሞላው በዚያ ሳምንት ባዶ የሚያድር ክፍል ቀጥተኛ ኪሳራ ነው።

የሲዳማን ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላን በዕቅድ ማስገባት ትንሽ ይከብዳል። ቀኑን የሚወስኑት አያንቶዎች (ባህላዊ የከዋክብት አዋቂዎች) ከዋክብትን አይተው ስለሆነ ከዓመት በፊት ቀን ቆርጦ በውል ላይ መጻፍ አይቻልም። መፍትሔው ከተቋራጩ ጋር በሚፈረመው ውል ውስጥ «ቀኑ ሲታወቅ ለአምስት ቀን ሥራ ይቆማል፣ የመጨረሻው ቀን በዚያው ልክ ይራዘማል» የሚል አንቀጽ ማስገባት ነው።

ለአዳራሽ የተለመደው ምክር ዐቢይ ጾምን መጠቀም ነው፤ በ55ቱ ቀን የኦርቶዶክስ ሠርግ የለም። ምክሩ አዲስ አበባ ላይ የበለጠ ይሠራል። ሐዋሳ ላይ የፕሮቴስታንት ሠርግ ስለሚበዛ ጾሙ አዳራሹን ሙሉ በሙሉ ባዶ አያደርገውም፤ ያለፉትን ሁለት ዓመታት መዝገብ ገልጠው ሳይቆጥሩ አይወስኑ።

በአንድ ጊዜ ስንት ክፍል ልዝጋ? በፎቅ ልሂድ ወይስ ሌላ መንገድ አለ?

ብዙ ሰው «አራተኛን እንጨርስ፣ ከዚያ ሦስተኛን» ብሎ ይጀምራል። ሥራው ቀለምና ምንጣፍ ብቻ ከሆነ ትክክል ነው። ባኞ ቤት የሚነካ ከሆነ ግን ስህተት ነው፤ ምክንያቱ ሻፍቱ ነው። አብዛኛው ሆቴል ሲሠራ የሁለት ጎረቤት ክፍሎች ባኞ ቤት ጀርባ ለጀርባ ይሆንና የውሃና የፍሳሽ ቧንቧው በመካከላቸው ባለው ሻፍት ከጣሪያ እስከ ምድር ይወርዳል። የአራተኛውን ፎቅ ቧንቧ ሲፈቱ ሦስተኛው፣ ሁለተኛውና አንደኛው ላይ ያለው እንግዳ ውሃ ያጣል። ፍርስራሽ ወደ ፍሳሽ ቱቦው ከገባ ደግሞ የሚፈነዳው አንደኛ ፎቅ ላይ፣ ሰው የተኛበት ክፍል ውስጥ ነው። በፎቅ ከተሄደ ያው ሻፍት አራት ጊዜ ይከፈታል።

ስለዚህ በቁመት ይሂዱ። በምሳሌያችን አንድ ሻፍት በየፎቁ ሁለት ክፍል ያገለግላል፤ 2 በ4 ሲባዛ 8 ክፍል ይሆናል። አንድ ዙር ማለት ይህ ነው፦ ከ40 ክፍል 8ቱ፣ አንድ አምስተኛው። በአጠቃላይ አምስት ዙር ይኖራል። የሚፈርስባቸው ቀናት ላይ ከግራና ከቀኝ ያሉትን ክፍሎችም አይሽጡ። ኮንክሪት ድምፅን ከአየር በተሻለ ስለሚያስተላልፍ ግድግዳ የሚጋሩት ክፍሎች ውስጥ መቀመጥ አይቻልም። ከማፍረስ በኋላ መልሰው ይሽጧቸው።

መጀመሪያ የትኛውን መስመር? ከሪሴፕሽን የራቀውን። ቡድኑ ስህተቱን እዚያ ይጨርስ። ከዚያ በፊት ደግሞ አንድ ናሙና ክፍል እስከ መጋረጃው ድረስ ይሠራ፤ የሶኬት ቦታ፣ የበሩ አከፋፈት፣ የሻወሩ ውሃ ወዴት እንደሚፈስ የሚታየው ሲኖሩበት ነው እንጂ በወረቀት ላይ አይደለም።

አንድ ክፍል በስንት ቀን ያልቃል?

ባኞ ቤቱ ሙሉ በሙሉ ከታደሰ ወደ 33 ቀን ይያዙ፦ ማፍረስና ማውጣት 3፣ ቧንቧና የመብራት መስመር 4፣ የግፊት ሙከራና ልስን 4፣ ዋተር ፕሩፊንግ (ውሃ እንዳያሰርግ የሚቀባው) ከነሙከራው 4፣ ሴራሚክና ፉጋ 5፣ ጂፕሰም፣ ስቱኮና ቀለም 6፣ በር፣ ዕቃና መብራት መግጠም 3፣ ጽዳት፣ ሙከራና ማናፈስ 4። ስምንቱ ክፍሎች በተከታታይ ሲሠሩ፣ የቧንቧው ቡድን ከአንዱ ሲወጣ ለሳኙ እየተተካ፣ ዙሩ ስድስት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። አምስቱ ዙር ሰባት ወር ነው። «በሦስት ወር አስረክባለሁ» የሚል ተቋራጭ ወይ 24 ክፍል በአንዴ ሊያዘጋዎት ነው፣ ወይ ማድረቂያውን ቀን ሊሰርቅ ነው።

ሁልጊዜ የሚሰረቀው የዋተር ፕሩፊንጉ ቀን ነው። ሁለት እጅ ይቀባል፣ ሁለተኛው የሚቀባው መጀመሪያው ከደረቀ በኋላ ነው፤ ከወለሉ ግድግዳው ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ይወጣል፣ ሻወሩ ጋ እስከ 2 ሜትር። ከዚያ የወለሉ ፍሳሽ ተደፍኖ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ውሃ ይቋጠርና 24 ሰዓት ይቆያል፤ አንድ ሰው በማግስቱ የታችኛውን ክፍል ኮርኒስ ያያል። ይህ ሳይደረግ ሴራሚክ እንዳይነጠፍ። የመኝታው ወለል እንጨት ወይም ቪኒል ከሆነ ደግሞ ከሥሩ ያለው የሲሚንቶ ወለል ለእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ሳምንት ያህል ማድረቂያ ይፈልጋል። ለማወቅ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቀው አንድ ቀን ይተዉት፤ ሲገለጥ ከሥሩ ላብ ካለ አልደረቀም።

ጫጫታ ያለው ሥራ በስንት ሰዓት ይሠራ?

ለመኝታ እንግዳ መልሱ ቀላል ነው፦ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት። ቁርስ አብቅቷል፣ አዲሱ እንግዳ ገና አልገባም። የሚረሳው አዳራሹ ነው። የሥልጠናና የስብሰባ እንግዳ ሆቴሉ ውስጥ የሚቀመጠው በትክክል በዚያ ሰዓት ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከአዲስ አበባ ለዕረፍት የመጣው ቤተሰብ ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ ነው። በሰዓት ብቻ የሚፈታ ነገር አይደለም።

የሚፈታው ጫጫታውን አንድ ላይ በመሰብሰብ ነው። ጃክሃመርና ፍሌክስ በእውነት የሚያስፈልጉት በየዙሩ የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት ያህል ነው። አምስት ዙር ሲባዛ 20 ቀን ይሆናል፤ ከሰባት ወር ውስጥ ማለት ነው። እነዚህን ቀናት ከሰኞ እስከ ሐሙስ አድርገው አስቀድመው በአዳራሹ መዝገብ ላይ «አይከራይም» ብለው ይዝጉ። የመስመር ቀዳዳ፣ የሶኬት ሳጥን፣ የኮርኒስ መያዣ ጉድጓድ ሁሉ በእነዚያ ቀናት ይበሳ። ቧንቧ ሠራተኛው በ20ኛው ቀን «አንድ ቀዳዳ ብቻ ቀርታኛለች» ብሎ ሲመጣ መልሱ እስከሚቀጥለው ዙር ይጠብቅ የሚል ነው።

አቧራው ወደ እንግዳው እንዳይሄድ ምን ላድርግ?

ኮሪደሩ ላይ የሥራውን ክፍል ወፍራም ላስቲክ ከወለል እስከ ኮርኒስ በእንጨት ፍሬም ወጥሮ መዝጋት፣ የበሩን ሥር በእርጥብ ጨርቅ መድፈን፣ ሴራሚክ በውሃ እያራሱ መቁረጥ። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሻፍቱ ነው፤ ክፍት ከተተወ አቧራውን አራቱም ፎቅ ባኞ ቤት ውስጥ በአየር ማውጫው በኩል ያደርሰዋል። በሥራ ላይ ባልሆኑት ክፍሎች የአየር ማውጫውን በላስቲክ ይሸፍኑ። ኮሪደሩ በደረቅ መጥረጊያ አይጠረግ፤ በቀን ሁለት ጊዜ በእርጥብ ሞፕ።

ሐይቁ ዳር ከሆኑ ሁለት ተጨማሪ ነገር አለ። ቀለም ይድረቅ ተብሎ መስኮት ተከፍቶ ከታደረ ጦጣ ይገባል፤ አዲሱን መጋረጃና አምፖል ምን እንደምታደርገው መገመት ቀላል ነው። መስኮቱ ወንፊት ይኑረው። ማታ መብራት በርቶ ቫርኒሽ መቀባትም አይሆንም፣ ትንኙ በሙሉ እላዩ ላይ ይለጠፋል። ለሲሚንቶ ማቡኪያ የተሞላ በርሜል ካለ ይከደን፤ ወባ ያለበት ከተማ ነው።

ፍርስራሹ በየት በኩል ይወጣል?

አስቀድመው ይመዝኑት። 4 ካሬ ወለል ያለው ባኞ ቤት፣ ግድግዳው እስከ 2.20 ሜትር ሴራሚክ ከሆነ፣ በጠቅላላው 21 ካሬ ያህል ነው። ሴራሚኩና ከኋላው ያለው ልስን 3 ሳንቲ ሜትር ቢወፍር 1.2 ቶን ይመጣል። በ35 ኪሎ ማዳበሪያ ከረጢት ሲታሰብ ወደ 35 ከረጢት፣ ለስምንቱ ክፍል 280 ከረጢት። አንድ አይሱዙ የአራት ባኞ ቤት ያህል ይጭናል።

በእንግዳ ሊፍት አይውረድ፤ የበሩ ሐዲድ ውስጥ አሸዋ ከገባ ጥገናው ከሴራሚኩ ይበልጣል። የግድ ከሆነ ውስጡ በኮምፔርሳቶ ይልበስ፣ ለአዲሱ ዕቃ ብቻ ይዋል። ፍርስራሽ በኋላ ደረጃ ወይም በመስኮት በኩል በተሠራ ቱቦ ወርዶ በዚያው ቀን ይጫን። ግቢ ውስጥ የተከመረ ፍርስራሽ መግቢያው ላይ ከሚታየው ከማንኛውም ነገር በላይ እንግዳን ያባርራል።

ውሃ ሳይቋረጥ ቧንቧ መቀየር ይቻላል?

ከእድሳቱ በፊት በሚሠራ አንድ ሥራ ይቻላል፦ እያንዳንዱ ሻፍት ላይ፣ ከጣሪያው ሮቶ በሚወርድበት ራስ ላይ አዲስ ቫልቭ ማስገጠም። አሮጌው ጌት ቫልቭ ወይ አይዘጋም፣ ወይ ሲዘጋ ይሰበራል። ለዚህ መላው ሕንፃ ከሌሊቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ውሃ ያጣል፤ በየክፍሉ አንድ ባልዲ ውሃ አስቀምጠው ለእንግዳው በቀን ይንገሩት። ከዚያ ሌሊት በኋላ የሚቋረጠው የሚሠራበት ሻፍት ብቻ ነው።

የገላቫናይዝድ ቧንቧ በፒፒአር (በሙቀት በሚበየድ የፕላስቲክ ቧንቧ) ሲተካ ብየዳው በ260 ዲግሪ ነው፤ 20 ሚሊ ሜትሩ 5 ሰከንድ፣ 25ቱ 7 ሰከንድ፣ 32ቱ 8 ሰከንድ ይሞቃል። ከዚያ በላይ ከቆየ ቀልጦ ውስጡን ያጠባል፣ ሻወሩም ይደክማል። ግድግዳው ሳይለሰን በፓምፕ 10 ባር ተይዞ ይፈተሽ። አሮጌው መስመር ሲነካ ዝገት ስለሚነሳ በሌሎቹ ክፍሎች የቧንቧ አፍ ላይ ያለውን ወንፊትና የሻወር ጭንቅላት በማግስቱ አስፈትተው ያሳጥቡ። ለሳምንታት ተዘግቶ የቆየ ክፍል ውስጥም በየሳምንቱ ሙቁንም ቀዝቃዛውንም ለ5 ደቂቃ ያፍስሱ፤ በቆመ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ የሳንባ ምች የሚያመጣ ባክቴሪያ ይራባል።

መብራቱስ?

ለግንባታው ከዋናው ቦርድ የተለየ መስመር ያውጡ፤ 30 ሚሊ አምፔር የፍሳሽ ብሬከር (ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያመልጥ የሚቆርጥ) ይኑረው። ፍሌክስና ብየዳ ከክፍል ሶኬት ከተሳቡ ብሬከሩ ይወድቅና ፎቁ በሙሉ ይጨልማል። የሻወር ማሞቂያ 2,000 ዋት ከሆነ 9 አምፔር ያህል ይስባል፤ በእድሳቱ ወቅት ለብቻው መስመር ይሳብለት። ጄኔሬተሩንም መልሰው ያስሉት፦ 40 ማሞቂያ ጠዋት አንድ ላይ ከተነሳ 80 ኪሎ ዋት ነው።

ወጥ ቤቱን ሳድስ እንግዳ ምን ይበላል?

ጊዜያዊ ወጥ ቤት ግቢው ጀርባ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ የሲሚንቶ ወለልና የውሃ መስመር ተሠርቶለት። የጋዝ ሲሊንደር ከጥላው ውጭ ይቁም። ሜኑው ወደ 12 ዓይነት ይውረድ፤ ዓሣ ጥብስና ጎረድ ጎረድ ይቅሩ አይባልም፣ የሚቀረው ረጅም ዝግጅት የሚጠይቀው ነው። እንጀራ ከውጭ ይገዛ። ቁርስ ግን አይነካ፣ እንግዳ ምሳና እራት ውጭ ይበላል፣ ቁርስን ግን ከአልጋው ጋር የከፈለበት ነው።

እሳት ቢነሳስ?

እድሳት ላይ ያለ ሕንፃ ከማንኛውም ጊዜ ይበልጥ ለእሳት ቅርብ ነው። ብየዳ ካለ በዚያ ክፍል 6 ኪሎ የዱቄት ማጥፊያ ይቁም፣ ብየዳው ካለቀ በኋላም አንድ ሰው አንድ ሰዓት ይጠብቅ። ተሰውሮ የጨሰ ፍም ሠራተኛው ከሄደ በኋላ ነው የሚነሳው። የጭስ ማስጠንቀቂያ በአቧራ እንዳይጮህ ጠዋት ይሸፈናል፣ ማታ ደግሞ ይገለጣል፤ ይህን የሚፈርም አንድ ሰው ይመደብ። ቲነርና ቀለም ደረጃ ሥር አይቀመጥ። ላስቲኩም የመውጫ ደረጃውን ፈጽሞ አይዝጋ።

ለእንግዳው ምን ልንገረው? ቅናሽ ላድርግ?

የሚነገረው ሲመዘገብ በስልክ ነው፤ ሪሴፕሽን ላይ ሻንጣውን ካወረደ በኋላ የተነገረው እንግዳ እንደተታለለ ይቆጥረዋል። አጭር ይሁን፦ «እድሳት ላይ ነን። ጫጫታ የሚኖረው ከ4 እስከ 9 ሰዓት ነው። የእርስዎ ክፍል በሌላኛው በኩል ነው።» በቀን የሚተኛ ሰው ካለ፣ የሌሊት ሾፌር ለምሳሌ፣ ሌላ ሆቴል ይጠቁሙት፤ ያመሰግንዎታል።

ለሁሉም እኩል ቅናሽ መስጠት ገንዘብ መበተን ነው። ለሥራው ቅርብ ለሆኑት ክፍሎች ከ20 እስከ 30 በመቶ ይቀንሱ፣ ለሩቆቹ ዋጋውን አይንኩ። ስብሰባ ለሚያዘጋጁ ድርጅቶች ከቅናሽ ይልቅ የሚሠራው በጽሑፍ የተሰጠ ቃል ነው፦ ድምፅ ካወካቸው የሚደውሉለት ሰው ስልክና በ10 ደቂቃ ውስጥ ሥራው እንደሚቆም። ያ ሰው ፎርማኑን የማዘዝ ሥልጣን ከሌለው ግን ወረቀቱ ዋጋ የለውም።

ሠራተኞቼ ሥራ ሲቀንስ ምን ያድርጉ?

የዓመት ፈቃዳቸውን ወደዚህ ጊዜ ያምጡት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመጀመሪያ ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። ከሠራተኛው ጋር በየዙሩ ተከፋፍሎ ሲወጣ ብዙውን ክፍተት ይሸፍናል። የቀሩት የክፍል አጽጂዎች ለግንባታ ጽዳት እንጂ ለፍርስራሽ ሸክም አይታዘዙ። የተቋራጩ ሠራተኞች ደግሞ ባጅ ይኑራቸው፣ በኋላ በር ይግቡ፣ የራሳቸው መጸዳጃ ይዘጋጅላቸው፤ ማስተር ቁልፍ ግን ለፎርማኑም ቢሆን አይሰጥ።

ተቋራጩ እንዳያጓትተኝ ውሉን እንዴት ልጻፍ?

የተለመደው የመዘግየት ቅጣት በየቀኑ ከውሉ ዋጋ አንድ ሺሕኛ፣ ጣሪያው 10 በመቶ ነው። ችግሩ ቀኑ የሚቆጠረው ጠቅላላው ሥራ ሲያልቅ መሆኑ ነው፤ ያኔ ሰባት ወር አልፏል። ውሉን በዙር ይከፋፍሉት፦ እያንዳንዱ ዙር የራሱ የማስረከቢያ ቀን፣ የራሱ ክፍያ፣ የራሱ ቅጣት ይኑረው። ቀጣዩ ዙር ያለፈው ሳይረከብ አይጀመር። «ሰዎቼ ሥራ ፈቱ፣ ጎን ለጎን እንጀምር» ሲባል እሺ ካሉ 16 ክፍል ተዘግቶ አንዱም ያላለቀ ሆቴል ይዘው ይቀራሉ።

ግማሽ ያህሉ መዘግየት ግን የባለቤቱ ነው፤ ዕቃ ሳይገባ ማፍረስ። ሴራሚኩን፣ ቧንቧውን፣ የባኞ ቤት ዕቃውንና በሩን ለዙሩ በሙሉ መጋዘን ሳያስገቡ አንድ መዶሻ አይነሳ። ሴራሚክማ ለአምስቱም ዙር በአንድ ጊዜ ይገዛ፦ 21 ካሬ በ40 ሲባዛ 840፣ ለስብራት 10 በመቶ ሲጨመር 924 ካሬ። ካርቶኑ ላይ ያለው የምርት ቁጥር አንድ መሆኑን እያንዳንዱን አገላብጠው ይዩ፤ ቁጥሩ ከተለየ ቀለሙም ይለያል፣ ልዩነቱ የሚታየው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ነው።

የታደሰውንና ያልታደሰውን ክፍል በምን ዋጋ ልሽጥ?

በአንድ ዋጋ መሸጥ ጠብ ያመጣል፤ ቁርስ ላይ እንግዶች ይነጋገራሉ። የታደሰውን በአዲስ ስምና ዋጋ ያውጡ፣ አሮጌውን በነበረበት ይተዉት። አዲሱን ዋጋ ግን የመጀመሪያው ዙር እንደተረከበ ወዲያው አይጫኑ። የሆቴሉ ሠራተኛ በእያንዳንዱ ክፍል አንድ ሌሊት ይደር፦ ሻወሩን 20 ደቂቃ ያፍስስ፣ ማሞቂያውን ያብራ፣ ሶኬቶቹን ሁሉ ይሞክር፣ በሩን አሥር ጊዜ ይዝጋ፣ በማግስቱ የታችኛው ክፍል ኮርኒስ ይታይ። የቀለም ሽታ እስኪወጣ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይናፈስ። ለቋሚ ደንበኞች ያለው የዓመት ውል በአሮጌው ዋጋ የተፈረመ ከሆነ ውሉ እስኪያልቅ ባልታደሰው በኩል ያስተናግዷቸው፤ አምስተኛው ዙር ከመጀመሩ ሁለት ወር በፊት አዲሱን ዋጋ በደብዳቤ ያሳውቋቸው፣ ዙሩ ከተጀመረ በኋላ የሚሰጧቸው አሮጌ ክፍል አይኖርዎትም።